ከዜሮ በታች ቦታ መተው፦ በማኅሌትና በበገና ቀረጻ የተማርሁት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ኅዳር 12 ሊነጋ ሌሊት፣ በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ደብር የቅዱስ ሚካኤልን ማኅሌት እንድቀርጽ ተጠይቄ ነበር። በእጅ የምትያዝ ትንሽ መቅረጫ ይዤ ገባሁና በቅኔ ማኅሌቱ ጠርዝ በአጭር መቆሚያ ላይ አቆምኋት። ሊቃውንቱ ያለ ከበሮ በሚባለው በቁም ዜማ ሲጀምሩ ሌቭሉን፣ ማለትም የሚቀረጸውን የድምፅ መጠን፣ በጥንቃቄ አስተካከልሁ። በዚያን ጊዜ የማውቀው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ድምፁ ከቀዩ ምልክት ሥር እስኪደርስ ድረስ ጌይኑን (መቅረጫዋ የሚገባውን ድምፅ የምታጎላበትን መጠን) ከፍ ማድረግ ነው። ስለዚህ የቁም ዜማው ከፍተኛ ድምፅ ማይነስ 6 ላይ፣ ማለትም ከመለኪያው ጣሪያ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ዝቅ ብሎ፣ እንዲያርፍ አድርጌ፣ የመቅረጫዋን ቁልፎች ቆልፌ፣ ወደ ኋላ ተመለስሁና ከምእመናኑ ጋር ቆምሁ። ሄድፎን አልያዝሁም ነበር፤ ሥርዓቱ ከተጀመረ በኋላ በሊቃውንቱ መካከል አልፌ መቅረጫዋን መነካካትም አይገባም ነበር።

ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ በኋላ ከበሮው ተነሣ፤ ጸናጽሉም ተከተለ። ዜማው ከመረግድ ወደ ጽፋት እየተፋጠነ ሲሄድ ጭብጨባውና የእናቶች እልልታ ተጨመረበት። በጆሮዬ የሰማሁት ሁሉ እጅግ ያማረ ስለነበር ቀረጻውም እንዲሁ የሚያምር መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ፋይሉን በኮምፒውተር ስከፍተው የመጀመሪያው ሰዓት ደኅና ነው። ከበሮው ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ ግን የድምፁ ሞገድ ከላይም ከታችም በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይዟል። አንዱን የከበሮ ምት አጉልቼ ተመለከትሁት። ሊኖር የሚገባው ጉብታ በቦታው የለም፤ በምትኩ ከመቶ የሚበልጡ ናሙናዎች (መሣሪያው የድምፁን ሞገድ በተከታታይ የለካባቸው ቁጥሮች) ሁሉም አንድ ቁጥር፣ ያውም የመጨረሻውን ቁጥር፣ ይዘው ተደርድረዋል። ሲደመጥም የከበሮው ሰፊ አፍ ያንን ከሆድ የሚወጣ ጥልቅ ድምፁን አጥቶ ካርቶን የሚመታ ያህል ደርቋል፤ ጸናጽሉ ይሻክራል፤ እልልታው ጆሮ ይወጋል፤ የሊቃውንቱም ድምፅ በእያንዳንዱ ምት ይሰነጠቃል።

እንዲህ ያለውን ድምፅ ይጠግናሉ የሚባሉ ሶፍትዌሮችን ሞከርሁ። ጥቂት ናሙናዎች ብቻ በተቆረጡበት ቦታ ላይ በእርግጥ ይረዳሉ፤ ከጎንና ከጎን ያለውን የሞገድ ቅርጽ አይተው የጎደለውን በግምት ይሞላሉ። የኔ ቀረጻ ግን ለአርባ ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ የተቆረጠ ስለነበር ግምት የሚመሠረትበት ነገር አልተረፈም። የኅዳር ሚካኤል ማኅሌት ዳግመኛ የሚቆመው በዓመቱ ነው። ከዚያ ሌሊት ሊቃውንት መካከል አንዱ አረጋዊ በዓመቱ በሕይወት አልነበሩም፤ ይህ ጽሑፍ ስለ ዴሲቤል ቢሆንም የተነሣሁበት ምክንያት እርሱ ነው። በየደብሩ፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየሠርግ ቤቱ መቅረጫ ይዘው የሚቆሙ ወንድሞችና እኅቶች ያንን ዓይነት ፋይል በማግስቱ እንዳይከፍቱ የማውቀውን በዝርዝር ላስረዳ እወዳለሁ።

በዲጂታል መቅረጫ ላይ ዜሮ የሚለው ምልክት ዝምታን አያመለክትም፤ ጣሪያውን ነው የሚያመለክተው። ማይኩ የሰጠው የኤሌክትሪክ ሞገድ በሰከንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል። በ16 ቢት ሲቀረጽ ለዚያ ልኬት የተዘጋጁት ደረጃዎች 65,536 ናቸው፤ በ24 ቢት ደግሞ ከ16 ሚሊዮን ይበልጣሉ። በሁለቱም ላይ የመጨረሻው ደረጃ ዜሮ ተብሎ ይሰየማል፤ ከእርሱ በታች ያለው ሁሉ ማይነስ ይዞ ይነበባል። የመጣው ድምፅ ከመጨረሻው ደረጃ ካለፈ መሣሪያው የሚጽፍለት ሌላ ቁጥር ስለሌለው ያንኑ የመጨረሻውን ቁጥር እየደጋገመ ይጽፋል። ክሊፕ አደረገ የሚባለው ይኸው ነው። ጌይኑን በኋላ በኮምፒውተር ብንቀንሰው የተቆረጠው ሞገድ ቁመቱ ያንሳል እንጂ የተቆረጠው ጫፍ አይመለስም። ሄድሩም የሚባለውም እንግዲህ ከምንጠብቀው ከፍተኛ ድምፅ እስከዚያ ጣሪያ ድረስ ባዶውን የምንተወው ቦታ ነው።

ድምፅን ከቀዩ ሥር የማድረስ ልማድ ከየት እንደመጣ ያስረዱኝ በሪልና በካሴት ዘመን የሠሩ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። የተበላሸውን ፋይል በሄድፎን ለረጅም ጊዜ ካደመጡ በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ እኛ ይህን ያስተማርንህ ለቴፕ ነው። ቴፕ ሲበዛበት ይሸከምልሃል፤ ይሄ ግን አንዲት ጠብታ አይሸከምም» አሉኝ። ነገሩ በትክክል እንደዚያ ነው። ተራ ካሴት ያለ ድምፅ ማጥሪያ ሲቀረጽበት በሙዚቃውና በራሱ በክሩ ሽሽታ መካከል ያለው ርቀት ወደ 50 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ዝቅ አድርጎ የቀረጸ ሰው ሽሽታውን ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይሸጣል። በሌላ በኩል ቴፕ ሲበዛበት ድምፁን በአንድ ጊዜ አይቆርጥም፤ ቀስ በቀስ እየተጨናነቀ ይለዝባል፤ ጥቂቱን ጭንቀት ብዙ ሰው እንዲያውም ይወደዋል። የዚያ ዘመን የድምፅ መለኪያ መርፌም ቢሆን ለመድረስ ወደ 300 ሚሊ ሰከንድ ስለሚፈጅበት የሚያሳየው አማካዩን ነው፤ የከበሮን ምት የመሰለ ፈጣን ነገር ከመርፌው ንባብ ከ10 ዴሲቤል በላይ አልፎ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ መርፌው ግን አያየውም። ስለዚህ ጋሼና ጓደኞቻቸው መርፌውን ቀዩ ላይ ሲያደርሱ ከበስተጀርባ የቴፑ ትዕግሥት ያግዛቸው ነበር። እኔ ሕጉን ወረስሁ፤ ትዕግሥቱ ግን በመቅረጫዬ ውስጥ የለም።

ሰዎች ሌቭል ዝቅ አድርጉ ሲባሉ የሚያነሡት ሥጋት አለ፤ ጥራት ይቀንሳል ይላሉ። ይህን ሥጋት በስሌት መመለስ ይቻላል፤ እኔንም ያሳመነኝ ስሌቱ ነው። እያንዳንዱ ቢት 6 ዴሲቤል ያህል ይሸከማል። በመሆኑም 16 ቢት ወደ 96 ዴሲቤል፣ 24 ቢት ደግሞ በወረቀት ላይ ወደ 144 ዴሲቤል ይሰጣል። ከፍተኛው ድምፃችን ማይነስ 12 ላይ ቢያርፍ የከፈልነው ዋጋ 2 ቢት ነው። በ24 ቢት ለምንቀርጽ ሰዎች 22 ቢት ይተርፈናል ማለት ነው፤ ይህም 132 ዴሲቤል ነው። ድምፅን ወደ ቁጥር የሚለውጡት ጥሩ የሚባሉ መለወጫዎች ራሳቸው በተግባር የሚሰጡት ከ110 እስከ 120 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ የተውናቸው ሁለት ቢቶች ከመሣሪያው የራሱ ሽሽታ በታች ያሉ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የክፍሉ ድምፅ፣ የመንገዱ ድምፅና የማይኩ ሽሽታ አለ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰው እስትንፋስና የልብስ ኮሽታ ብቻ እንኳ ከዚያ ሁሉ ይበልጣል። የመጀመሪያው ቀረጻዬ በ16 ቢት ነበር፤ መቅረጫዋ ግን 24 ቢትን ታውቃለች። በሜኑው ውስጥ መቀየሪያው ነበር፤ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዛሬ ከማንኛውም ነገር በፊት የማየው ያንን መቀየሪያ ነው።

የባለሙያ መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ምን ያህል ቦታ እንደሚተዉ ማወቅም ይረዳል። በአውሮፓ የብሮድካስት ሥርዓት የመሣሪያዎች መለኪያ ድምፅ የሚቀመጠው ማይነስ 18 ላይ ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ ማይነስ 20 ላይ ነው። ተራ ንግግር ወይም ዜማ በአማካይ በዚያ አካባቢ ሲመላለስ ከላዩ 18 ወይም 20 ዴሲቤል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ቦታው የተተወው ለድንገተኛው ነገር ነው። እኔም አሁን በአማካይ ማይነስ 18ን፣ ለከፍተኛው ምት ደግሞ ማይነስ 12ን አስቤ እጀምራለሁ፤ ድምፁ ሊገመት የማይችል ከሆነ ከዚያም ዝቅ አደርጋለሁ።

ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ቁጥሩን በየትኛው ድምፅ ላይ እንደምንለካው ማወቅ ነው። የኔ ጥፋት ማይነስ 6 መምረጤ ብቻ አልነበረም፤ ዋናው ጥፋት የሌሊቱን ጸጥተኛ ድምፅ ለክቼ ከፍተኛው መምጣቱን አለመጠየቄ ነው። በሁለተኛው ዓመት ወደዚያው ደብር ስመለስ ከዋዜማው በፊት መሪጌታውን ፈልጌ፣ «የኔታ፣ ድምፁ እጅግ ከፍ የሚለው የትኛው ላይ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ቁሙ እንደምታውቀው ያለ ከበሮ ነው፤ ዝማሜው በመቋሚያ ነው፤ በመረግድ ከበሮና ጸናጽሉ ይነሣሉ። አንተ የምትፈራው ጽፋቱን ነው፤ ከዚያ ደግሞ እልልታው አለልህ» አሉኝ። እኔ በሜትር የምፈልገውን እርሳቸው በሥርዓቱ ያውቁታል። የሚቀረጸውን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው አግኝቶ መጠየቅ ከማንኛውም የመሣሪያ መመሪያ ይበልጣል ብዬ የማምነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሠርግም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ሙሽሮቹ የሚገቡበትን ደቂቃ የሚያውቅ ሚዜ አለ።

በስቱዲዮ ወይም በአዳራሽ ቅድመ ልምምድ ሲኖር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። «እስኪ ከፍተኛውን ክፍል ስጡኝ» ሲባሉ ዘማሪዎችም ሆኑ ተጫዋቾች ሙሉ ኃይላቸውን አይሰጡም። ሰው ፊት ሲቆሙ ጉልበታቸው ይጨምራል፤ ከማይኩም ይበልጥ ይጠጋሉ። የከንፈር ርቀት ከ10 ሳንቲ ሜትር ወደ 5 ሲያጥር ብቻ ወደ 6 ዴሲቤል ይጨመራል። ስለዚህ በልምምድ የለካሁት ከፍተኛ ድምፅ ማይነስ 12 ከሆነ በዝግጅቱ ጊዜ ማይነስ 6 ወይም ከዚያ በላይ እንደሚሆን አስቀድሜ እቀበላለሁ። ልምምዱ ላይ ማይነስ 6 ካየሁ ጌይኑን ወዲያውኑ እቀንሳለሁ።

ሁለተኛውን ትልቅ ትምህርት ያገኘሁት በአንድ የመዝሙር ምሽት ነው። አዳራሹ የራሱ ሚክሰር (የብዙ ማይኮችን ድምፅ የሚያዋሕድ መሣሪያ) ነበረው፤ ከሚክሰሩ መውጫ ገመድ ወስጄ ወደ መቅረጫዬ አስገባሁ። በዚህ ጊዜ ሜትሬ ጥሩ ነበር፤ ከማይነስ 12 አልፎ አያውቅም፤ ሄድሩም ትቻለሁ ብዬ ልቤ አርፎ ነበር። ሆኖም በሄድፎኑ ስሰማ የአንዷ ዘማሪት ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር ይሰነጠቃል። ገመዱን ቀየርሁ፤ አልተለወጠም። የመቅረጫውን ጌይን ቀነስሁ፤ ድምፁ ዝቅ አለ እንጂ መሰነጠቁ እንዳለ ቀረ። በኋላ ፋይሉን አጉልቼ ሳየው የሞገዱ ጫፍ ተቆርጧል፤ ነገር ግን የተቆረጠው ዜሮ ላይ አይደለም፤ ማይነስ 12 ላይ ነው። ጣሪያው በኔ መቅረጫ ውስጥ አልነበረም፤ በሚክሰሩ የማይክ መግቢያ ላይ ነበር። የዘማሪቷ ቻናል ጌይን ከልክ በላይ ተከፍቶ፣ ድምፁ እንዳይበዛ ደግሞ ፌደሩ (ከመግቢያው በኋላ የቻናሉን ድምፅ የሚያነሣውና የሚያወርደው ተንሸራታች ቁልፍ) ወደ ታች ተጎትቶ ነበር። በመግቢያው ላይ የተቆረጠው ሞገድ በፌደር ሲያንስ መጠኑ ብቻ ይቀንሳል፤ ቅርጹ እንደተቆረጠ ወደ እኔ ይደርሳል።

ድምፅ ከማይኩ ተነሥቶ ፋይል እስኪሆን ድረስ በብዙ በሮች ያልፋል፤ እያንዳንዱም በር የራሱ ቁመት አለው። ስለዚህ መፈተሽ የሚገባው ከመጀመሪያው በር ተነሥቶ ነው። በሚክሰሩ ላይ የእያንዳንዱን ቻናል ጌይን፣ ፒክ የምትለው ቀይ መብራት በከፍተኛው ድምፅ እንኳ እስካትበራ ድረስ ዝቅ ማድረግና ፌደሩን ዜሮ ከሚለው ምልክት አካባቢ ማቆም (እዚህ ላይ ዜሮ ማለት ጣሪያ ሳይሆን ድምፁን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማሳለፍ ነው)፤ ከዚያ ጠቅላላ መውጫውን፣ በመጨረሻም የመቅረጫውን መግቢያ ማስተካከል ይገባል። የሚክሰር መውጫ ኃይለኛ ነው፤ በመቅረጫው ላይ ላይን የሚለውን መግቢያ ይፈልጋል እንጂ ማይክ የሚለውን አይፈልግም። መቅረጫው ማይክ መግቢያ ብቻ ካለው ፓድ የምትባለዋን 20 ዴሲቤል የምትቀንስ ማብሪያ መጠቀም ወይም በገመዱ መካከል የሚገባ መቀነሻ መግዛት ያስፈልጋል። በዚያ ምሽት የአዳራሹን ሳውንድ ማን በዝግታ ቀርቤ ብነግረው ኖሮ በሁለት ደቂቃ ይስተካከል ነበር። አሁን እንደደረስሁ መጀመሪያ ሰላም የምለው እርሱን ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ኃይለኛ ድምፅ ነው። ተቃራኒውን ያስተማረኝ በገና ነው። አንድ አባት በቤታቸው በገና ሲደረድሩ ለመቅረጽ ሄጄ ነበር። በገና አሥር አውታር ቢኖሩትም ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ያ የሚታወቀው ንዝረቱ የሚመጣው በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከምትገባው እንዚራ ከምትባል ቁራጭ ቆዳ ነው፤ እርሷን በደንብ ያልያዘ ቀረጻ በገና አይመስልም። ማይኩን አንድ ሜትር ያህል አርቄ አቆምሁና ሜትሩን ሳየው ማይነስ 35 አካባቢ ይንቀሳቀሳል። ደንግጬ ጌይኑን ከፍ አደረግሁ፤ በገናው ከፍ ሲል ከጓዳው የሚመጣው የማቀዝቀዣው ጉምጉምታ፣ የውጪው ውሻና የቆርቆሮው መንጓጓት ሁሉ በዚያው ልክ ከፍ አሉ። ያኔ የገባኝ ነገር፣ ጌይን ለመልካሙ ድምፅና ለሁከቱ አያዳላም፤ ሁለቱን እኩል ያነሣል። የሚያዳላው ርቀት ነው። ማይኩን ከአንድ ሜትር ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ሳቀርበው ከበገናው በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ ወደ 12 ዴሲቤል ጨመረ፤ የማቀዝቀዣው ድምፅ ግን ባለበት ቀረ። ማቀዝቀዣውን ባለቤቶቹን አስፈቅጄ አስነቀልሁ፤ እንዳልረሳ የመኪናዬን ቁልፍ በውስጡ አስቀመጥሁ፤ ይህን ዘዴ ለሁሉም እመክራለሁ።

በመጨረሻ የበገናው ከፍተኛ ድምፅ ማይነስ 18 ላይ አረፈ፤ እኔም እዚያው ተውሁት። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ሜትሩ ግማሹን ብቻ መሙላቱ ዕረፍት ይነሣኝ ነበር። በኮምፒውተር ላይ 12 ዴሲቤል ሳነሣው ምንም ሽሽታ አልመጣም፤ የአባታችን ጣት ከአውታሩ ሲላቀቅ የምትሰማዋ ትንሽ ድምፅ ሳትቀር ጥርት ብላ ወጣች።

በመቅረጫዎች ላይ ስለሚገኙት ሁለት ረዳቶች የኔን አስተያየት ላክል። አውቶ የሚባለው፣ መሣሪያው ሌቭሉን ራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገው ምርጫ፣ ለስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይሆን ይሆናል፤ ለዜማ ግን አይሆንም። ጸጥታ ሲሆን ጌይኑን ይጨምርና የክፍሉን ሁከት ያነሣል፤ የመጀመሪያው ከበሮ ሲመታ ደንግጦ ይቀንሰዋል፤ ዜማው እንደ ማዕበል ሲወጣና ሲወርድ ይሰማል። ሊሚተር፣ ከተወሰነ ከፍታ ያለፈውን ድምፅ የሚጫነው፣ ደግሞ በርካሾቹ መቅረጫዎች ብዙዎች ላይ የሚሠራው ድምፁ ወደ ቁጥር ከተለወጠ በኋላ ነው፤ በመለወጫው በር ላይ የተቆረጠውን ሊያድነው አይችልም። ከሁለቱም የሚሻለው በአንዳንድ መቅረጫዎች ላይ ያለው ጥንድ ቀረጻ ነው፤ ያንኑ ድምፅ በሌላ ፋይል 12 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ዋናው ቢሰነጠቅ ሁለተኛው ይተርፋል። የሚወስደው የካርድ ቦታ እጥፍ ነው፤ ካርድ ደግሞ ርካሽ ነው።

ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንደ ዙም ኤፍ 6 ያሉ በ32 ቢት ፍሎት፣ ከዜሮ በላይ ያለውንም ቁጥር መጻፍ በሚችል አቀራረጽ፣ የሚቀርጹ መሣሪያዎች መጥተዋል። በእነዚህ ላይ በዝቅተኛና በከፍተኛ ጌይን የሚሠሩ ሁለት መለወጫዎች በአንድነት ስለሚሠሩ በፋይሉ ውስጥ ከዜሮ ያለፈ ድምፅ በኋላ ወደ ታች ሊሳብ ይችላል። አቅሙ ያለው ቢገዛ መልካም ነው፤ ለማኅሌት ቀረጻ በተለይ የተመቸ ነው። ሆኖም ማይኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ ድምፅ ከመጣበት፣ ወይም ከመቅረጫው በፊት ያለ ሚክሰር ከቆረጠው፣ ፍሎት የሚባለው ነገር የተቆረጠውን በታማኝነት ከመያዝ ሌላ የሚያደርገው የለም። ሙሉ በሙሉ ተማምኖ ከሄድፎኑ መራቅ አይገባም።

ብዙ ጊዜ ከደንበኞች የሚቀርብልኝ ቅሬታ «ፋይሉ ድምፁ ትንሽ ነው» የሚል ነው። ይህ ቅሬታ ትክክለኛ ነው፤ መልሱ ግን በቀረጻው ሰዓት የሚሰጥ አይደለም። የተቀረጸው ፋይልና ለሰው የሚሰጠው ፋይል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተቀረጸውን እንዳለ አስቀምጬ፣ በቅጂው ላይ ሪፐር ወይም ኦዳሲቲ በሚባሉት የድምፅ ማስተካከያ ሶፍትዌሮች ዝቅ ያሉትን ክፍሎች አነሣለሁ፤ የከበሮውን ሹል ጫፎች በሊሚተር ጥቂት ብቻ አለዝባለሁ፤ ከዚያ የጠቅላላውን ጉልበት በሉፍስ፣ ጆሮ የሚሰማውን አማካይ ጉልበት በሚያሳየው መለኪያ፣ እለካለሁ። ዩቲዩብ ከማይነስ 14 ሉፍስ በላይ የጮኸውን ራሱ ዝቅ ስለሚያደርገው ከዚያ በላይ ማስጮህ ዜማውን ከማድቀቅ ሌላ ጥቅም የለውም። ለአውሮፓ የቴሌቪዥን ሥርጭት የሚሄድ ከሆነ የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት መመዘኛ ማይነስ 23 ሉፍስ ነው። የመጨረሻውን ጫፍ ደግሞ ዜሮ ላይ ሳይሆን ማይነስ 1 ላይ አቆማለሁ፤ ፋይሉ ወደ ኤምፒ 3 ሲጨመቅ በናሙናዎቹ መካከል ያለው ሞገድ ከተጻፈው ቁጥር ከፍ ብሎ ሊወጣ ስለሚችል ነው።

በሁለተኛው ዓመት የኅዳር ሚካኤልን ማኅሌት ስቀርጽ መሪጌታው የነገሩኝን ይዤ ጌይኑን ካለፈው ዓመት እጅግ ዝቅ አድርጌ ጀመርሁ፤ ሄድፎኔን በነጠላዬ ሥር አድርጌ፣ መቅረጫዋን እጄ በሚደርስበት አምድ ሥር አስጠግቼ ቆምሁ። ቁም ዜማው ሲጀመር ሜትሩ ከሥሩ ብዙም አልተነሣም፤ እጄ ወደ ጌይኑ ሄዶ ነበር፤ መለስሁት። ከሥርዓቱ በኋላ በደብተሬ የጻፍሁት እንዲህ ይላል፦ ቁም ማይነስ 34፤ ዝማሜ ማይነስ 28፤ መረግድ ማይነስ 15፤ ጽፋት ማይነስ 9፤ እልልታ ማይነስ 7። ቤት ገብቼ የቁም ዜማውን 14 ዴሲቤል አነሣሁትና ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥሁ። የመሣሪያ ሽሽታ የለበትም። የሚሰማው የሊቃውንቱ እስትንፋስ፣ ከሩቅ አንድ ሕፃን ሲያስል፣ እና መቋሚያ ወለሉን ቀስ ብሎ ሲነካ ነው።